የሌብሮን ትምህርት ቤት፦ 90 በመቶ እና ዜሮ

አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የአሜሪካ ወሬ ሆኗል። መጀመሪያ በ2019 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከተማሪዎቹ 90 በመቶው በንባብም በሒሳብም የተቀመጠላቸውን የእድገት ግብ አሟሉ ወይም አለፉ ተባለ። ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። ቀጥሎ በጁላይ 2023 ሌላ ዜና መጣ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት 3ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች 8ኛ ክፍል ሊገቡ ሲዘጋጁ፣ ከ3ኛ ክፍል በኋላ የስቴቱን የሒሳብ ፈተና ያለፈ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። አንድም።

ትምህርት ቤቱ አይ ፕሮሚስ ስኩል ይባላል። የቅርጫት ኳሱ ሌብሮን ጀምስ ከትውልድ ከተማው የትምህርት ዲስትሪክት (የከተማውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚያስተዳድረው አካል) ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። ሌብሮንን የሚወድ 90ውን ይዞ ይከራከራል፣ የማይወደው ዜሮውን። ሁለቱም ቁጥሮች ግን እውነት ናቸው፣ እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው። እንዴት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲህ ጎበዝም ሰነፍም ይባላሉ?

እዚህ አሜሪካ ያለን ሀበሾች ቤት ልንገዛ ስናስብ ከኪችኑ በፊት የምንጠይቀው "ስኩሉ ስንት ነው?" ብለን ነው። ከ10 ስንት አገኘ ማለታችን ነው። 8 ከሆነ ዋጋው ቢወደድም እንከራከራለን፣ 3 ከሆነ መኪናውን እንኳን አናቆምም። ያ ቁጥር ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም። የአይ ፕሮሚስን ጉዳይ በዝርዝር ማየቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ስለ ሌብሮን ለማውራት ከሆነማ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው የሌብሮን የግል ትምህርት ቤት ይመስለዋል። አይደለም። ቻርተር ስኩልም (በመንግሥት ገንዘብ ከዲስትሪክቱ ውጭ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) አይደለም። የአክረን ዲስትሪክት መደበኛ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህራኑ የዲስትሪክቱ ናቸው፣ ደሞዛቸውም ከግብር ከፋዩ ነው። ሲታቀድ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል ተብሎ ነበር፣ አብዛኛውም ከዲስትሪክቱ በጀት የሚወጣ ነው። የሌብሮን ፋውንዴሽን የሚሸፍነው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2019 እንደጻፈው፣ ክፍሎቹ እንዳይጨናነቁ ለተጨማሪ መምህራን፣ ለአስጠኚዎችና ለተጨማሪው የትምህርት ሰዓት 600 ሺህ ዶላር ያህል ሰጥቷል።

ወደ ልጆቹ እንምጣ። ጁላይ 30 ቀን 2018 በሩ ሲከፈት 240 ልጆች ነበሩ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል። በሰፈር አልተመደቡም። ዲስትሪክቱ የ2ኛ ክፍል ውጤታቸውን አየ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ በ10ኛና በ25ኛ ፐርሰንታይል መካከል የወደቁትን ለየ፣ ከዚያ ዕጣ አወጣ። 25ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከ100 ልጅ 25ቱን ብቻ የሚበልጥ ማለት ነው። እኛ የለመድነው "ከክፍሉ 3ኛ ወጣ" ዓይነት ደረጃ አይደለም፤ ግልባጩ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ልጁ ታች ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ለመግባት ወደኋላ መቅረት ግዴታ ነው። ጎበዝ ከሆንክ አትገባም። ብዙ የታወቁ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ፈትነው ይቀበላሉ፣ ከዚያ ውጤታችንን እዩልን ይላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ከተማሪዎቹ 60 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ። 29 በመቶው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስፈልጋቸው፣ 15 በመቶው ደግሞ እንግሊዝኛን ገና የሚማሩ ናቸው። ከቤተሰቦቹ ሦስት አራተኛው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። አክረን ድሮ የጎማ ከተማ ነበረች። ጉድይር፣ ፋየርስቶንና ጉድሪች እዚያ ነበር የሚያመርቱት። በ1960 ወደ 290 ሺህ ሕዝብ ነበራት፣ ዛሬ 190 ሺህ ገደማ ነው። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ አቅም ያለው ሄደ፣ የሌለው ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ ኖርዝ ሂል የሚባለው ሰፈር ላለፉት 15 ዓመታት ገደማ ከቡታን የመጡ የኔፓሊ ተናጋሪ ስደተኞች የሰፈሩበት ነው።

29 በመቶ ልዩ ፍላጎት የሚለውን ቶሎ አትለፉት። በ20 ልጆች ክፍል ውስጥ ስድስቱ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው በሕግ የሚጠበቅ የራሳቸው የትምህርት ዕቅድ አላቸው፣ ስብሰባ አለው፣ ወረቀት አለው፣ የተለየ መምህር ይፈልጋል። ሌሎቹ 14ቱም ቢሆኑ ከክፍላቸው በታች የሚያነቡ ናቸው፤ አለዚያማ አይገቡም ነበር። የሚቀርህ ጎበዝ ልጅ ማን ነው? "እስቲ አንተ ሰሌዳው ላይ ውጣና አሳያቸው" የምትለው?

ይህ ጉዳይ የቆየ ነው። በ1966 ጀምስ ኮልማን የተባለ ሶሲዮሎጂስት የአሜሪካ መንግሥት ባዘዘው ጥናት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ውጤት ተመለከተ። ሁሉም የጠበቀው ሕንፃና መጽሐፍ ነው ልዩነቱን የሚያመጣው እንዲለው ነበር። እሱ ግን ከሁሉ የበለጠ ከውጤት ጋር የሚሄደው ልጁ የመጣበት ቤተሰብ፣ ከዚያም አብሮት የሚማረው ጓደኛው የመጣበት ቤተሰብ ነው አለ። ያ ጥናት እስከዛሬ ያከራክራል። የጓደኛው ነገር ግን አይ ፕሮሚስ ላይ በግልጽ ይታያል። ደካማ አንባቢዎችን ሰብስቦ አንድ ላይ ማስተማር እርዳታውን በትክክል ለሚያስፈልገው ለማድረስ ይመቻል። ግን ጎበዝ ጓደኛ የሚባለውን ነገር ከክፍሉ አውጥተህ ነው።

ሌብሮን ለምን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ፈለገ? ታሪኩ የታወቀ ነው። እናቱ ስትወልደው 16 ዓመቷ ነበር። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛው ትዞር ነበር። 4ኛ ክፍል ሳለ 83 የትምህርት ቀን ቀርቷል። የአሜሪካ የትምህርት ዓመት 180 ቀን ገደማ ስለሆነ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሚቀጥለው ዓመት ፍራንክ ዎከር የሚባል የልጆች እግር ኳስ አሠልጣኝ (የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው) ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር አኖረው። 5ኛ ክፍልን አንድ ቀን ሳይቀር ጨረሰ።

ትምህርት ቤቱ የተሠራው ከዚህ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ቤቱ ከረጋ ልጁ ይመጣል፣ ከመጣ ይማራል የሚል ነው። ስለዚህ ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ በነጻ። ዩኒፎርም በነጻ። ትራንስፖርት። ለእያንዳንዱ ልጅ ብስክሌት ከነሄልሜቱ፤ ይህኛው የሌብሮን የራሱ ምርጫ ነው፣ ልጅ ሳለ ብስክሌት ነጻነት ነበር ይላል። የትምህርት ቀኑ ይረዝማል፣ የመጀመሪያው ዓመትም የጀመረው በጁላይ ነበር። ሕንፃው ውስጥ ቤተሰቦች አስቤዛ የሚወስዱበት ክፍል አለ። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ወላጅ ጂኢዲ ይማራል። በኋላ ላይ ፋውንዴሽኑ ቤት ላጡ ቤተሰቦች ጊዜያዊ መኖሪያ ሁሉ ጨመረበት። መግቢያው አዳራሽ ላይ ሌብሮን የተጫወተባቸው ከመቶ በላይ ስኒከሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል።

ስኒከሩን ተውትና፣ የቀረው ብዙ የትምህርት ባለሙያ ለዓመታት ሲጮህለት የኖረ ነገር ነው። የራበው ልጅ አይማርም። ማደሪያውን የማያውቅ ልጅ አይማርም። ይህን የሚክድ የለም።

አሁን የ2019ኙን ቁጥር ቀረብ ብለን እንየው። 90 በመቶ የተባለው ማፕ በሚባል ፈተና ነው። ማፕ የሚጠይቀው "አለፈ ወይስ ወደቀ" ብሎ አይደለም። ልጁ መስከረም አካባቢ የት ነበር፣ ጸደይ ላይ የት ደረሰ ነው ጥያቄው። ግቡም የሚወጣው ከእሱ ጋር እኩል የጀመሩ ልጆች በአገሪቱ በአማካይ ስንት እንደሚያድጉ ታይቶ ነው። በንባብ የ3ኛ ክፍሎቹ በጥቅሉ (የእያንዳንዱ ልጅ ሳይሆን የክፍሉ የጋራ ደረጃ ነው) ከ1ኛ ፐርሰንታይል ወደ 9ኛ ወጡ፣ 4ኛ ክፍሎቹ ከ1ኛ ወደ 16ኛ። በሒሳብ 3ኛ ክፍሎቹ ከ1ኛ ወደ 18ኛ፣ 4ኛ ክፍሎቹ ከ2ኛ ወደ 30ኛ። በአንድ ዓመት ይህን ማምጣት ቀልድ አይደለም። ከ2 ወደ 30!

ግን እንደገና አንብቡት። ያን ሁሉ ወጥተው 30ኛ ላይ ናቸው። በንባብ 9ኛ ላይ። የኦሃዮ ስቴት ፈተና ግን ከየት ተነስተህ መጣህ አይልም። መስመር አለው፣ 700 ነጥብ። 700 ካመጣህ ብቁ ነህ፣ 699 ካመጣህ አይደለህም። ከ620 ተነስቶ 690 የደረሰ ልጅና 620 ላይ ቆሞ የቀረ ልጅ ያለፈ ሲቆጠር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አላለፉም። ስለዚህ 90 በመቶውና ዜሮው በአንድ ልጅ ላይ እንኳን አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ማንም አልዋሸም።

በ90ው ላይም ትንሽ ጥርጣሬ መጨመር ተገቢ ነው። በአንድ ቀን ፈተና ዝቅተኛ ያመጡትን ብቻ ለይተህ ስትይዝ፣ ከውስጣቸው ያ ቀን ያልቀናቸው ይኖራሉ። ያመመው አለ፣ ሌሊቱን ያልተኛ አለ። እነዚህ በሚቀጥለው ፈተና ማንም ምንም ባያደርግላቸው ትንሽ ከፍ ይላሉ። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ላይ ከበሮ መምታት አደጋው ይኸው ነው፤ ከእድገቱ ውስጥ የትኛው የትምህርት ቤቱ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው የዕድል እንደሆነ ለመለየት ገና ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ይህን ለማለት ጊዜ አልነበራቸውም። ሌብሮን ነዋ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። የመጀመሪያዎቹን 3ኛ ክፍሎች በክፍል እንከተላቸው። 2018–19 ላይ 3ኛ ክፍል ናቸው። 2019–20 ላይ 4ኛ፤ ማርች ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የዚያ ዓመት የስቴት ፈተናም ተሰረዘ። 2020–21 ላይ 5ኛ፤ የዓመቱ አብዛኛው ክፍል ከቤት፣ በስክሪን። 2021–22 6ኛ፣ 2022–23 7ኛ።

የዚህ አሰላለፍ ክፋቱ ምን ላይ እንደወደቀ ነው። 4ኛና 5ኛ ክፍል የክፍልፋይ ዓመቶች ናቸው። 4ኛ ክፍል ላይ ታህታቸው አንድ የሆኑ ክፍልፋዮችን ትደምራለህ። 5ኛ ላይ ታህታቸው የተለያየውን። ሦስት አራተኛ ሲደመር ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው? ልጁ ለ4ም ለ3ም የሚካፈል ቁጥር 12 መሆኑን ማየት አለበት፣ ይህ ደግሞ የማባዛት ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ከዚያ ዘጠኝ አሥራ ሁለተኛና ስምንት አሥራ ሁለተኛ ይሆናሉ፣ ድምሩ አሥራ ሰባት አሥራ ሁለተኛ፣ እሱም አንድ ሙሉና አምስት አሥራ ሁለተኛ። ለእኛ ቀላል ነው። ማባዛቱን ሳይዝ 4ኛ ክፍል ለገባ፣ ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ቤት ካሜራውን አጥፍቶ ለሚከታተል የ10 ዓመት ልጅ ግን አራት ቦታ የሚጠፋበት መንገድ ነው። 6ኛና 7ኛ ክፍል ሲደርስ ንጽጽር፣ መቶኛና እኩልታ ይመጡበታል፣ ሁሉም የሚቆሙት በዚያ ክፍልፋይ ላይ ነው። ንባብ ላይ ወደኋላ የቀረ ልጅ መጽሐፍ እያነበበ ቀስ በቀስ ሊደርስ ይችላል። ሒሳብ ላይ ግን የጎደለውን ደረጃ ተመልሶ የሚሠራለት ሰው ካላገኘ የሚቀጥለውን ትምህርት የሚያሳርፍበት የለውም።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። ዲስትሪክቱ ልጆቹን ሲመርጥ በዋናነት ያየው ንባባቸውን ነው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋጀውም ለንባብ ነበር። ኦሃዮም በዚያን ጊዜ 3ኛ ክፍል ላይ በንባብ የሚፈለገውን ያላመጣ ልጅ ክፍል እንዲደግም የሚያደርግ ሕግ ነበራት፣ የሁሉም ዓይን እዚያ ነበር። በኋላ የከተማውን ጆሮ ያቆመው ውጤት ግን ሒሳብ ሆነ።

በ2023 ጁላይ የዲስትሪክቱ ሰዎች ይህን ለትምህርት ቦርዱ ሲያቀርቡ ክፍሉ ውስጥ ዝም ያለ አልነበረም። የቦርዱ ፕሬዚዳንት ዴሪክ ሆል ይህን ሁሉ ሀብት እያፈሰስን የጠበቅነው ለውጥ አልታየም ብሎ ቅሬታውን ገለጸ። ትምህርት ቤቱ በስቴቱ የተለየ ክትትል የሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥም ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ከተማሪዎቹ ትልልቆቹ ሁለት ቡድኖች፣ ጥቁር ተማሪዎችና የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች፣ ከስቴቱ የመጨረሻ 5 በመቶ ውስጥ መውደቃቸው ነው። ፋውንዴሽኑ በበኩሉ ሥራችን የረጅም ጊዜ ነው፣ በአንድ ፈተና አትለኩን የሚል መልስ ሰጠ።

እኔ ምን አልኩ? የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ማንነት ሳያዩ ዜሮውን እያነሱ የሚስቁ ሰዎች ተሳስተዋል። ሁለቱም ትልልቅ ቡድኖች ዝቅ ማለታቸው ብቻውን ምንም አይነግርም፤ በበሩ የገባው እንዲሁ ነበር። ለልጅህ ትምህርት ቤት ስትመርጥም እንደዚያው ነው። 9 ያገኘው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ኩሞን (የግል ማስጠኛ) የሚላኩ፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው ዲግሪ ያላቸው ልጆች የተሰበሰቡበት ከሆነ፣ 9ኙ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ አታውቅም።

ግን እዚህ ላይ ቆሞ መመለስም አይቻልም። የተማሪዎቹ ማንነት ዝቅተኛ ቁጥርን ያስረዳል። ዜሮን ያስረዳል ወይ? ኮቪድ የመጣው ለአይ ፕሮሚስ ብቻ አይደለም። ከተመረጡት ልጆች መካከል 25ኛ ፐርሰንታይል ጫፍ ላይ የነበሩም አሉ፤ ለማለፍ በጣም ሩቅ አልነበሩም። በ4ኛ ክፍል ሁለት ወር ሒሳብ ላይ ተቀምጦ የሚያስጠናቸው ቢያገኙ አምስት ስድስቱ ሊያልፉ ይችሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይኸኔ ነው ምግቡና ብስክሌቱ የት እንደሚያበቃ የሚታየው። ልጁን ክፍል ድረስ አምጥተውታል፣ ትልቅ ሥራ ነው። ክፍል ከገባ በኋላ ግን ታህት ምን እንደሆነ የሚያስረዳው፣ ሳይገባው ሲቀር የሚያውቅበት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ፈትኖት ሰኞ ዕለት በሌላ መንገድ የሚመለስበት የሒሳብ መምህር ያስፈልጋል። ያ ለካሜራ አይመችም። ማንም መምህር ሲያርም ፎቶ የሚያነሳ የለም።

"በአንድ ፈተና አትለኩን" የሚለውም አልተዋጠልኝም። በ2019 በአንድ ፈተና ስትለኩ ደስ ብሏችሁ ነበር። ደግሞ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው ሲባል፣ ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለልጁ ረጅም አይደለም። ልጁ 5ኛ ክፍልን የሚማረው አንዴ ነው።

የኦሃዮ ሪፖርት ካርድ ከ2022 ጀምሮ በፊደል ሳይሆን በኮከብ ነው፣ ከ1 እስከ 5። የምታዩት ትምህርት ቤት ካለ ጠቅላላውን ኮከብ አይታችሁ አትዝጉት። ውስጡ ውጤት የሚለው ለብቻ አለ፣ እድገት የሚለው ለብቻ፣ ክፍተትን ማጥበብ የሚለውም ለብቻ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ማን እንደገባ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ። ኮለምበስ ላሉ ወገኖቻችን ይህ በቀጥታ የራሳቸው ስቴት ነው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁም ተመሳሳይ ነገር በስቴታችሁ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ ታገኛላችሁ። ሦስተኛውን ደግሞ እንግሊዝኛ አዲስ የሆነበት ልጅ ያለው ወላጅ በተለይ ይየው።

ፋውንዴሽኑ በ2015 ከአክረን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋውሎ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የፕሮግራሙ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ በነጻ እንዲሆን አድርጓል። ከመስፈርቶቹ አንዱ ሁለተኛ ደረጃን በ3.0 ጂፒኤ መጨረስ ነው። በሒሳብ አንድም ያላለፈው ያ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሰው በ2028 ነው።